ክለብ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስታን ክሮንኬ የሚለውን ስም ያውቀዋል። ክለቡ ሲያሸንፍ ይመሰገናል፣ ሲሸነፍ ይብጠለጠላል። ይኸው ሰው አሜሪካ ውስጥ ራምስ የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ባለቤት ነው። ክለቡን ከሴንት ሉዊስ ነቅሎ ወደ ሎስ አንጀለስ የወሰደበት መንገድ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይወራም። ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሂዩስተን ላይ የተሰበሰቡት የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የክለብ ባለቤቶች 30 ለ 2 በሆነ ድምፅ ዝውውሩን ፈቀዱ። የፈቃዱ ዋጋ 550 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ስታዲየም አይሠራም፤ ተጫዋች አይገዛም፤ ዕቃም አይጓጓዝም። «ሂድ» ለመባል ብቻ የሚከፈል ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ሰው ክለብ ማዛወር የማይሞከር ነገር ይመስለዋል። ሆኖም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በዚሁ ሊግ ውስጥ አሥር ያህል ዝውውሮች ተፈጽመዋል። እንቅፋቱ ይህን ያህል ከፍ ያለ ከሆነ እንዴት ተሻገሩት? የዝውውሮቹን ሒሳብ አንድ በአንድ ስመረምር ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ ባለሀብቱ ፊት የሚቆመው የገንዘብ ግድግዳ ሁሉ ሸክሙን የሚጋራ ሌላ ሰው አለው። ባንክ ያበድራል፣ ሊጉ ያበድራል፣ ደጋፊው ቅድሚያ ይከፍላል፣ አዲሱ ከተማ ግብር ይጥላል። ማንም የማይጋራው ዕዳ ያለበት አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ክለቡ ጥሎት የሄደው ከተማ ነው።

የአውሮፓን እግር ኳስ ለለመደ አንባቢ ክለብ ከከተማ ወደ ከተማ መሄዱ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። በአሜሪካው ኤንኤፍኤል ውስጥ 32 ክለቦች አሉ። ወራጅ የለም፤ ከታች የሚያድግም የለም። ክለብ ማለት በሊጉ ውስጥ ያለ ድርሻ ሲሆን ድርሻው የከተማው ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ክለብ የሚመኙ ከተሞች ደግሞ ምንጊዜም ካሉት ክለቦች ይበዛሉ። ስለዚህ አንድ ባለቤት ከንቲባውን «ስታዲየም ካልሠራህልኝ የሚሠራልኝ አለ» ለማለት አይቸገርም። ይህች ማስፈራሪያ ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ብዙ ስታዲየም አሠርታለች።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለዝውውር ምክንያት አይደለም። በ2021 የተፈረሙት የሊጉ የስርጭት ውሎች ለ11 ዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገቡ ናቸው፤ ይህም ለክለቦቹ እኩል ይከፋፈላል። ነዋሪዋ ከመቶ ሺህ ብዙም የማይበልጠው ግሪን ቤይ ከኒውዮርኮቹ ክለቦች እኩል ትወስዳለች። ልዩነቱ ያለው ለሌሎች በማይካፈለው ገቢ ላይ ነው፤ የሀብታም እንግዶች ሎጅ፣ የስታዲየሙ የስያሜ መብት፣ ማስታወቂያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የመቀመጫ መብት ሽያጭ። እነዚህ ሁሉ ከስታዲየም የሚገኙ ናቸው። «ክለቡ ከተማ ቀየረ» ሲባል በአብዛኛው ስታዲየም ፍለጋ ሄደ ማለት ነው።

ፈቃዱና ዋጋው

ለመዛወር ከ32ቱ ባለቤቶች የ24ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ ደንብ ግን ጥርስ ያልነበረው ጊዜ ነበር። የኦክላንድ ሬይደርስ ባለቤት አል ዴቪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ልሂድ ሲል ሊጉ ከለከለው። ዴቪስና የሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ኮሚሽን ሊጉን በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከሰው በ1982 ረቱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1984 ውሳኔውን አጸናው። በዚያው ዓመት ማርች መጨረሻ ላይ የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች የባልቲሞር ኮልትስን ለሕዝብ ጥቅም ለመውረስ የሚያስችል ሕግ እያጸደቁ ሳለ፣ ባለቤቱ ሮበርት ኧርሴ የሜይፍላወር ኩባንያን የጭነት መኪናዎች አስመጥቶ የክለቡን ንብረት በአንዲት በረዷማ ሌሊት ጫነ። ሲነጋ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ክለቡ የኢንዲያናፖሊስ ሆኗል።

ሊጉ ከሽንፈቱ ተምሮ በ1984 የዝውውር መመሪያ አወጣ። ክለቡ ለመሄድ ከመጠየቁ በፊት ካለበት ከተማ ጋር በቅን ልቦና መደራደር እንዳለበት የሚያስቀምጥ ሐሳብ በመመሪያው ውስጥ አለ። ይህን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ 790 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል።

ሁለተኛው ትምህርት ማስከፈል ነው። በ1995 ራምስ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለችው ከአናሃይም ወደ ሴንት ሉዊስ ሲሄድ ባለቤቶቹ በመጀመሪያ ውድቅ አድርገውት፣ የክስ ማስፈራሪያ ሲመጣ ሐሳባቸውን ለወጡና 29 ሚሊዮን ዶላር የመዛወሪያ ክፍያ ተቀበሉ። ከ21 ዓመት በኋላ ይኸው ክለብ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመለስ ዋጋው 550 ሚሊዮን ሆነ፤ በአሥር ዓመት ልክፈል ላለ ደግሞ 645 ሚሊዮን። በ2017 ሳን ዲዬጎን የለቀቀው ቻርጀርስም በዚሁ ዋጋ ተስተናገደ። በዚያው ዓመት ወደ ላስ ቬጋስ የተፈቀደለት ሬይደርስ የተጠየቀው ያነሰ፣ ከ400 ሚሊዮን በታች ነበር።

ክፍያው የሚገባው ወደ ሌሎቹ ክለቦች ኪስ ነው። የሊጉ አመክንዮ እንዲህ ነው፦ ሎስ አንጀለስ ባዶ ሆና በቆየችባቸው ሁለት አሥርተ ዓመታት ለሁሉም ባለቤቶች የጋራ መደራደሪያ ነበረች፤ አንዱ ከወሰዳት ለቀሩት ካሳ ይገባቸዋል። አመክንዮው በራሱ ቤት ትክክል ነው። የሚያሳዝነኝ በዚያ ሒሳብ ውስጥ ሴንት ሉዊስ የሚል መስመር አለመኖሩ ነው። ካሳው የተከፈለው ምንም ላላጡት ነው።

ለከፋዩስ ከባድ ነበር? ፎርብስ መጽሔት በ2015 ራምስን 1.45 ቢሊዮን ዶላር ነበር የገመተው። በቀጣዩ ዓመት፣ አንድ ጨዋታ በአዲሱ ስታዲየም ሳይደረግ፣ ግምቱ 2.9 ቢሊዮን ደረሰ። 550 ሚሊዮን ከፍሎ የንብረቱ ዋጋ በእጥፍ ለጨመረለት ሰው ዕዳው ገብስ ነው።

ስታዲየሙ

ትክክለኛው ፈተና ስታዲየሙ ነው። ክሮንኬ በኢንግልውድ፣ የቀድሞው ሆሊውድ ፓርክ የፈረስ መሮጫ በነበረበት ሥፍራ፣ 120 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ሶፋይ ስታዲየምን ሠራ። መጀመሪያ ላይ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በታች ይፈጃል የተባለው ሥራ ከ5 ቢሊዮን በላይ ወሰደ። ግንባታው በግል ገንዘብ መሠራቱ ሊመሰገን ይገባል፤ የአገሩ ልማድ ይህ አይደለምና። ቢሆንም እሱም ብቻውን አልተሸከመውም። ወጪው ሲያብጥ ባለቤቶቹ በሜይ 2020 ተጨማሪ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቁለት። ሊጉ ለአባላቱ የሚጥለው የብድር ጣሪያም ለዚህ ፕሮጀክት ላላ። ስታዲየሙ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሲከፈት በኮሮና ምክንያት መቀመጫዎቹ ባዶ ነበሩ። አንድ ወቅት ሙሉ ያለ ተመልካች ማለፍ ለሌላ ባለቤት የመክሰር ያህል ነው። ክሮንኬ ቻለው፤ እንደ እሱ ያሉ ባለሀብቶች ግን በሊጉ ውስጥም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሌሎቹን ዕጣ የሚያሳየው ላስ ቬጋስ ነው። የሬይደርስ ባለቤት ማርክ ዴቪስ ክለቡን ከአባቱ ከአል ዴቪስ የወረሰ ሲሆን ከክለቡ ውጭ ይህ ነው የሚባል ሌላ ሀብት አልነበረውም። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ስታዲየም የተሠራው ከብዙ ኪስ በተለቀመ ገንዘብ ነው። የኔቫዳ ግዛት ሕግ አውጪዎች በኦክቶበር 2016 በሆቴል ክፍል ግብር የሚከፈል 750 ሚሊዮን ዶላር ፈቀዱ። የካሲኖው ከበርቴ ሼልደን አደልሰን 650 ሚሊዮን ለማውጣት ቃል ገብተው ነበር፤ በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ግን ከድርድሩ ወጡ። ዕቅዱ ለሳምንታት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ያዳነው ባንክ ኦፍ አሜሪካ ነው፤ ብድሩን እሰጣለሁ ባለ በሳምንታት ውስጥ ባለቤቶቹ 31 ለ 1 ድምፅ ሰጡ። ሊጉ ራሱ 200 ሚሊዮን ዶላር አበደረ።

ቀሪውን ትልቅ ድርሻ ያወጡት ደጋፊዎች ናቸው። የመቀመጫ መብት የሚባለውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ደጋፊው በመጀመሪያ ትኬት የመግዛት መብት ይገዛል። ይህ መብት እንደ ቦታው ከመቶዎች እስከ አሥር ሺዎች ዶላር ያስከፍላል፤ ከዚያ በየዓመቱ ትኬቱን ለብቻ ይከፍላል። ካልከፈለ መብቱ ያመልጠዋል። በላስ ቬጋስ በዚህ መንገድ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ደጋፊው ለስታዲየሙ ግንባታ ያዋጣል፤ የስታዲየሙም የክለቡም ባለድርሻ ግን አይሆንም። ሕጋዊ ነው፤ ፍትሐዊ ነው ማለት ግን ይከብደኛል።

የሆቴል ግብሩስ ለምን ተመረጠ? የመጀመሪያው ምክንያት ፖለቲካ ነው፤ ከፋዩ እንግዳ ስለሆነ ነዋሪው አይቆጣም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ጉዳይ ነው። ከተሞች ስታዲየም የሚሠሩት ቦንድ ሸጠው ነው፤ የቦንዱ ወለድ ከፌዴራል ግብር ነጻ ከሆነ ብድሩ ይረክስላቸዋል። ኮንግረስ በ1986 ይህን ለማጥበብ፣ ለግል ድርጅት ጥቅም በሚውል ግንባታ ላይ ከብድሩ ክፍያ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያው ግንባታ ገቢ የሚሸፈን ከሆነ ቦንዱ ከግብር ነጻ አይሆንም አለ። የታሰበው ከተሞች ለስታዲየም ርካሽ ብድር ማግኘት ያቆማሉ ተብሎ ነበር። ከተሞቹ ግን ብድሩን ላለማጣት ከክለቡ የሚቀበሉትን ኪራይ ከ10 በመቶ በታች አወረዱትና ልዩነቱን ከሆቴል፣ ከመኪና ኪራይና ከሽያጭ ግብር ሞሉት። ክለቡን ለማስከፈል የወጣ ሕግ ክለቡ እንዳይከፍል ምክንያት ሆነ።

ላስ ቬጋስ ውስጥ በታክሲ፣ በሆቴልና በካሲኖ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ከተማዋ የምትገኝበት ክላርክ ካውንቲ በቅርብ ዓመታት አንድ ሠፈር በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል። እነሱ ኮሮና የገባበትን 2020ን አይረሱትም። ሆቴሎቹ ተዘጉ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ የክፍል ግብሩም ቆመ። የቦንዱ የክፍያ ቀን ግን አይቆምም። ካውንቲው ዕዳውን ለመክፈል ወደ መጠባበቂያ ሒሳቡ እጁን መስደድ ግድ ሆነበት። ቱሪስቱ ሲመለስ ግብሩም ተመለሰና ከተማዋ ከጭንቁ ወጣች። ላስ ቬጋስ 150 ሺህ ያህል የሆቴል ክፍል ስላላት ድንጋጤውን መቋቋም ችላለች። የእሷን መንገድ ለመከተል የሚያስብ ሌላ ከተማ በመጀመሪያ ክፍሎቹን ይቁጠር።

ስለ መሸጋገሪያው ጊዜ ብዙ አልልም። አዲሱ ስታዲየም እስኪያልቅ ቻርጀርስ ከ2017 እስከ 2019 ካርሰን ውስጥ 27 ሺህ ሰው በሚይዝ የእግር ኳስ ሜዳ ተጫወተ፤ በሊጉ መለኪያ ይህ ትንሽ ነው። የሂዩስተኑ ኦይለርስ በ1997 ወደ ቴነሲ ሲሄድ በሜምፊስ ሁለት ዓመት ሊቆይ አስቦ ተመልካች ስላጣ በአንዱ ዓመት ወደ ናሽቪል ገባ። ገቢው ይቀንሳል፤ የሚገድል ግን አይደለም፤ የቴሌቪዥኑ ድርሻ አይቀርምና።

የተተዉት

አሁን ወደ ሴንት ሉዊስ እንመለስ። ይህች ከተማ በ1988 ካርዲናልስ የተባለውን ክለቧን ለፊኒክስ ተነጥቃ ስለነበር ሌላ ክለብ ለማግኘት የማትከፍለው አልነበራትም። ተከራይ ሳይኖራት ባለጣሪያ ስታዲየም መሥራት ጀመረች። የቦንዱን ዕዳ ግዛቲቱ በዓመት 12 ሚሊዮን፣ ከተማውና ካውንቲው እያንዳንዳቸው 6 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። በአጠቃላይ በዓመት 24 ሚሊዮን።

ራምስ በ1995 ሲመጣ የ30 ዓመት የኪራይ ውል ተፈረመ። በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ተቀመጠ፤ ስታዲየሙ በ2005 እና በ2015 በሊጉ ካሉት ስታዲየሞች ከምርጦቹ ሩብ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ክለቡ ከረጅሙ ውል ነጻ ወጥቶ በየዓመቱ የሚታደስ ተከራይ ይሆናል። አንቀጹን የፈረሙት ባለሥልጣናት ምን እንደፈረሙ አስቡት። የእነሱ ስታዲየም ሳይፈርስ ሳያረጅ፣ ሌሎች ከተሞች አዲስ በሠሩ ቁጥር ደረጃው ወደታች ይወርዳል። ዳላስ ብትሠራ ሴንት ሉዊስ ታጣለች፤ ኢንዲያናፖሊስ ብትሠራ ሴንት ሉዊስ ታጣለች። ከቁጥጥራቸው ውጭ በሆነ ውድድር ተወራረዱ። በ2013 ጉዳዩን የተመለከቱት የግልግል ዳኞች የክለቡን የ700 ሚሊዮን ዶላር የማሻሻያ ዕቅድ ደገፉ፤ የስታዲየሙ አስተዳደር ያቀረበው 124 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከተማዋ 700 ሚሊዮኑን አልከፍልም አለች። በ2015 ራምስ የዓመት ተከራይ ሆነ፤ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሄደ። የቦንዱ ክፍያ ግን ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል ቀጠለ። የመቀመጫ መብት ገዝተው የነበሩ ደጋፊዎችም ፍርድ ቤት መቆም ግድ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ያ የ1984ቱ መመሪያ ተነሣ። ከተማዋ፣ ካውንቲውና የስታዲየሙ ባለሥልጣን በ2017 ሊጉንና ክለቡን ከሰሱ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ሊጉ ክለብ ከመዛወሩ በፊት በቅን ልቦና ይደራደራል ብሎ ደንብ ጽፏል፤ እኛም ያንን አምነን ለአዲስ ስታዲየም ዕቅድ ሚሊዮኖች አውጥተናል፤ ባለቤቱ ግን ልቡ አስቀድሞ ሎስ አንጀለስ ነበር። ክሮንኬ በኢንግልውድ መሬት የገዛው በጃንዋሪ 2014 መሆኑ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ክሱ ይቀጥል አሉ። በ2021 አጋማሽ ዳኛው የቅጣት ካሳ ለመተመን ሲባል የክለብ ባለቤቶች የሀብት መረጃቸውን እንዲያቀርቡ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ከማንኛውም ክርክር በላይ ሠራ። ጉዳዩ ለችሎት ከመቅረቡ አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው፣ ኖቬምበር 2021፣ ሊጉና ክሮንኬ 790 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ከዚህ ላይ ጠበቆቹ ከአንድ ሦስተኛ በላይ፣ 276 ሚሊዮን ያህል ወሰዱ። ቀሪውን ከሳሾቹ ለመከፋፈል አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ቢሆንም ጥሎ የሄደ ክለብ ለተተወው ከተማ የዚህን ያህል ገንዘብ የከፈለበት ሌላ አጋጣሚ አላውቅም። መጠኑ ለአዲሱ ከተማ ፈቃድ ከተከፈለው መብለጡም ያስደስተኛል።

ይህ ዕድል ግን ለሁሉም አልሆነም። ኦክላንድ በ1995 ሬይደርስን ለመመለስ ስታዲየሟን በቦንድ አስፋፋች። ዕዳው በመቀመጫ መብት ሽያጭ ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ ሽያጩ ሳይሳካ ቀረ፤ ከተማዋና አላሜዳ ካውንቲ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲከፍሉ ኖሩ። ክለቡ ለላስ ቬጋስ ከሄደ በኋላም ክፍያው አላበቃም፤ እስከ 2025 የተዘረጋ ነበር። ኦክላንድ በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከሰሰች፤ በየደረጃው ተሸነፈች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 ጉዳዩን አልመለከትም አለ። አል ዴቪስን ከ40 ዓመት በፊት ነጻ ያወጣው ያው ሕግ ክለቡ ጥሏት የሄደውን ከተማ አልጠቀማትም። ሂዩስተንም በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦይለርስ እንዳይሄድ ብላ አስትሮዶምን በ67 ሚሊዮን ዶላር አሳደሰች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ክለቡ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ።

ሳን ዲዬጎ የተለየ ታሪክ አላት። በኖቬምበር 2016 ሕዝቡ የሆቴል ግብር ጨምሮ ለቻርጀርስ ስታዲየም እንዲሠራ ተጠየቀ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የደገፈው ግን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ክለቡ ከ56 ዓመት በኋላ ከተማዋን ለቀቀ፤ ለውል ማፍረሻ የከፈለው 12.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለሊጉ 550 ሚሊዮን፣ ለከተማው 12.6 ሚሊዮን። ይህ ንጽጽር የጉዳዩን አድልዎ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገልጸዋል። የሳን ዲዬጎ ሰው ክለቡን በማጣቱ አዝኗል፤ ሐዘኑን አልንቅበትም፤ አባትና ልጅ አብረው ያደጉበት ነገር ነው። ነገር ግን ለአዲስ ስታዲየም የተበደረው የለም።

ክሊቭላንድ ደግሞ ገንዘብ ባታስከብርም ስሟን አስከብራለች። የክለቧ የብራውንስ ባለቤት አርት ሞዴል በ1995 ክለቡን ወደ ባልቲሞር እወስዳለሁ ሲል ከተማዋ በሕግ ተሟግታ የብራውንስ ስምና ቀለም እዚያው እንዲቀር፣ በ1999ም አዲስ ክለብ እንዲሰጣት አስደረገች። ሞዴል የሄደው ተጫዋቾቹን ይዞ እንጂ ታሪኩን ይዞ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ ይህን የሞከረው ዊምብልደን ነው። ከ1991 ጀምሮ የራሱ ሜዳ ያልነበረው ይህ የደቡብ ለንደን ክለብ ወደ ሚልተን ኬንስ ልሂድ አለ፤ በሜይ 2002 ሦስት አባላት ያሉት የእግር ኳስ ማኅበሩ ኮሚሽን 2 ለ 1 ፈቀደ። ደጋፊዎቹ በዚያው ሰሞን ወጥተው ኤኤፍሲ ዊምብልደን የሚባል የራሳቸውን ክለብ ከታችኛው ሊግ ጀመሩ። በነባሩ ክለብ አንድ የሊግ ካፕ ጨዋታ ላይ የተገኘው ተመልካች ሺህ እንኳ አልሞላም። እኩል የሚከፋፈል ትልቅ የቴሌቪዥን ገንዘብ በሌለበት ሊግ ደጋፊው ሲቀር ክለቡ አይተርፍም፤ በጁን 2003 በኪሳራ አስተዳደር ሥር ወደቀ፣ በሚቀጥለው ወቅት ወረደ፣ በ2004 ስሙ ኤምኬ ዶንስ ሆነ። ደጋፊዎቹ የመሠረቱት ክለብ በ2011 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ደርሶ በ2020 ነባሩ ክለብ እስከ 1991 ይጫወትበት ወደነበረው ሠፈር፣ ወደ ፕላው ሌን፣ ተመለሰ። በእንግሊዝ የዝውውር ትልቁ የገንዘብ እንቅፋት ደጋፊው እግሩን መሰብሰቡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ይህ እንቅፋት የለም ማለት ይቻላል።

ክለቡን የሚቀበለው ከተማስ ያተርፋል? ሮጀር ኖልና አንድሪው ዚምባሊስት የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1997 ለብሩኪንግስ ኢንስቲትዩት ባዘጋጁት ጥናት የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ስታዲየሞች ወጪያቸውን የሚመልስ ዕድገት እንዳላመጡ አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም በአብዛኛው ወደዚያው ያመራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ ለጨዋታ ያወጣው ገንዘብ ለምግብ ቤት ወይም ለሲኒማ ሊያወጣው የነበረ ነው። ስታዲየሙ ደግሞ ለፉትቦል የሚከፈተው በዓመት አሥር ቀን ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ አሁን ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት አካባቢ መጥቷል። ከ1997 ጀምሮ በሜሪላንድ ላንዶቨር ሲጫወት የቆየው የዋሽንግተን ክለብ ኮማንደርስ ወደ ቀድሞው የአርኤፍኬ ስታዲየም ሥፍራ ሊመለስ ነው። የዲሲ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2025 ስምምነቱን በ11 ለ 2 ድምፅ አጽድቋል። ግምቱ ከ3.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ 2.7 ቢሊዮኑን ክለቡ ያወጣል፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ግን የከተማው ገንዘብ ነው። ክለቡ ከግማሽ በላይ መክፈሉ ከሴንት ሉዊስ ዘመን የተሻለ ነው፤ ሆኖም ቢሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤትና ለመኖሪያ ቤት የሚበቃ ገንዘብ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ግብር የምትከፍሉና ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቼ፣ ስታዲየሙ ሲሠራ በየሠፈሩ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ መንገዱ ብዙ ይነገራችኋል። እናንተ ግን ለምክር ቤት አባላችሁ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወጪው ከተገመተው ቢበልጥ ማን ይከፍላል? ከተማው በየጊዜው እንዲያሻሽል የሚያስገድድ አንቀጽ በኪራይ ውሉ ውስጥ አለ ወይ? ክለቡ ዕዳው ሳያልቅ ቢሄድ ቀሪውን ማን ይሸፍናል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ አንቀጹን በጽሑፍ አስጠቁሙና አንብቡት።